የጦስኙ ሰው

ከላሊበላ ተነስቶ አሸተን ማርያምን ተሳልሞ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የቀጠለ ሰው እግሩ ሥር የሚሸተውን ጦስኝ ያውቀዋል። መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ግንዱ ቀጭን ሆኖ እንጨትነት ያለው፣ ጥቃቅን ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ የሆኑ፣ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ተክል ነው። ሻይ ውስጥ እንጨምረዋለን፤ ሳል ለያዘውም ይፈላለታል። በሳይንስ ግን ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ነው። ታዲያ ይህ ሺምፐር ማነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር ተወለደ። ኤስሊንገን በተባለ ከተማ የነበረ የዕፅዋት ማኅበር ገንዘብ እያዋጣ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበርና፣ እሱንም በ1831 ወደ አልጄሪያ፣ ቀጥሎም ወደ ግብፅና ወደ ሲና ላከው። በ1837 ዐድዋ ገባ። ከዚያ በኋላ 41 ዓመት ያህል እዚሁ አገራችን ቀረ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ተክሉን ከነአበባው ነቅሎ፣ ወረቀት መሃል አድርጎ፣ ተጭኖ ማድረቅ ነው። ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ይሻግታል፤ እኔ ራሴ ሞክሬ ግማሹን አበላሽቻለሁ። የተለቀመበት ቦታና ቀንም መጻፍ አለበት፣ አለዚያ ድርቆሽ ነው። ሺምፐር ይህን በሺህ ለሚቆጠሩ ተክሎች አደረገ፤ የአገሬውንም ስም ይመዘግብ ነበር። ከሰሜን ተራራዎች ከሰበሰባቸው አንዱ ሳማ ነው፤ ያው ክረምት ላይ እህል ሲያጥር ለጋ ቅጠሉን ቀቅለን የምንበላው፣ እሳት ሲነካው መለብለቡን የሚተው።

ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ እዚሁም አግብቶ ወለደ። በ1855 ደጃዝማቹ በአፄ ቴዎድሮስ ሲሸነፉ ሹመቱ አብሮ ሄደ። ኋላም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር ንጉሡ ዘንድ ተይዞ ቆየና፣ በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ሲደርሱ ነፃ ወጣ። ያን ጊዜ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሌሎቹ አገራቸው ሲገቡ እሱ የተመለሰው ወደ ዐድዋ ነው፤ በ1878 እዚያው አረፈ።

በርሊን ተቀምጦ የነበረው የደረቀ ተክል ክምችት በ1943 በጦርነቱ ሲቃጠል ከሱ ሥራም ብዙ ጠፋ። ደግነቱ ማኅበሩ አንዱን ተክል ለብዙ ከተሞች ያከፋፍል ስለነበረ ቅጂው በሌላ ቦታ ተርፏል።

በበኩሌ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ጦስኝን እናቶቻችን ከሺምፐር በፊት ያውቁት ነበር፤ በሳይንሱ ስም ውስጥ ግን የሉም።

የአገራችን ጦስኝ ሁለት ዓይነት ነው። የአንዱ ቅጠል ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ የሺምፐሩ ግን ልሙጥ ነው። እኔ ከአሸተን ማርያም በላይ የለቀምኩትን፣ ቦታና ቀኑን ጽፌ፣ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ለጥፌዋለሁ። ቅጠሉን በማጉያ መነጽር እዩትና የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ፤ እባካችሁ እየቆነጠራችሁ አታሽትቱት፣ አንድ ዘለላ ብቻ ነው ያለኝ።