አለን ቱሪንግና የወረቀት ላይ ማሽኑ

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1912 እ.ኤ.አ. ለንደን ተወለደ። በ1936 ያቀረበው ማሽን የብረት ሳይሆን የሐሳብ ነበር፤ በረጅም ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ያነባል፣ ይሰርዛል፣ ሌላ ይጽፋል፣ ወደ ጎን ይራመዳል። እኛ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንደምናደርገው ማለት ነው፤ በቃ! ትልቁ ነገር ግን የሥራው ትእዛዝ ራሱ እዚያው ወረቀት ላይ እንደማንኛውም ጽሑፍ መስፈር መቻሉ ነው፤ ትእዛዙን የለወጠ የማሽኑን ሙያ ይለውጣል።

በ1985 የወጣው ጂኤንዩ ኢማክስ የተባለው የኮምፒዩተር ጽሑፍ ማዘጋጃም እንዲሁ ነው፤ ተጠቃሚው በሊስፕ ቋንቋ አዲስ ትእዛዝ ጽፎ፣ መሣሪያውን ሳይዘጋ፣ ሙያ ይጨምርለታል።

ቱሪንግ ይህን አላየም። በጦርነቱ ጊዜ የጀርመኖችን ምስጢራዊ መልእክት ከፈቱት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በ1952 ከወንድ ጋር ግንኙነት ነበረው ተብሎ ተፈረደበት፤ በ1954 በ41 ዓመቱ ሞተ። የእንግሊዝ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው።