ወይዘሮ ካሜሮንና የከሰል ቤታቸው

ፊልም በገዛ እጁ የሚያጥብ ተማሪ ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም ከመካከላችን አልጠፋም። ይህን ገጽ በመጀመሪያ ለእርሱ አስበን ጻፍነው፤ ሌላውም ቢያነበው የሚጠላው አይመስለንም። የምንናገርላቸው ሴት ካሜራ የጨበጡት በ48 ዓመታቸው ነው። ዛሬ ግን ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ ተጽፎ ስማቸውን የሚዘል መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። እኛ ኢትዮጵያውያን ልናስታውሳቸው የሚገባን ደግሞ ስለ ሌላም ነገር ነው፤ እርሱን በቦታው እናነሣዋለን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጁሊያ ማርጋሬት በ1815 በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ነበሩ፤ በእናታቸው በኩል ፈረንሳዊት ናቸው። በ1836 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ሳሉ ከሁለት ሰዎች ጋር ተዋወቁ። አንደኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ያገቧቸው የሕግ ዐዋቂው ቻርልስ ሄይ ካሜሮን ናቸው። ሁለተኛው የከዋክብት ተመራማሪው ሰር ጆን ኸርሸል ናቸው። እኒህ ሰው ሃይፖ የምንለው ጨው የብርን ውሁድ እንደሚያሟሟ በ1819 የደረሱበት፥ በ1839ም ፎቶግራፍ ብርሃን ሲያገኘው እንዳይጠቍር በዚሁ ጨው ማጽናት እንደሚቻል ያሳዩ ናቸው። እስከ ዛሬ ፊክሰር በሳሕን የሚቀዳ ሁሉ የእርሳቸው ባለ ዕዳ ነው።

በ1863 ዓ.ም. በታኅሣሥ ገደማ ባል በሴሎን ወዳለው የቡና እርሻቸው ሄደው ወይዘሮዋ በዋይት ደሴት በፍሬሽዎተር መንደር ብቻቸውን ነበሩ። ብቸኝነት እንዳያስጨንቃቸው ሴት ልጃቸውና አማቻቸው አንድ ካሜራ በስጦታ ሰጧቸው። የከሰል ማስቀመጫው ቤት ወዲያው ጨለማ ክፍል ሆነ። ባለ መስተዋቱ የዶሮ ቤትም ፎቶግራፍ ማንሻ ሆነ፤ ዶሮዎቹ ለቀቁ።

በዚያ ዘመን ተጠቅልሎ የሚሸጥ ፊልም አልነበረም። ጥጥ በአሲድ ተነክሮ ከተዘጋጀ በኋላ በኤተርና በአልኮል ይሟሟል፤ ይህ ኮሎዲዮን የሚባለው ነው። በመስተዋት ላይ አፍስሶ፥ መስተዋቱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ እኩል ማዳረስ፥ ከዚያ በጨለማ የብር ናይትሬት ውስጥ መንከር፥ እርጥብ እንዳለ ወደ ካሜራው መሮጥ፥ ሳይደርቅም ተመልሶ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ማለቅ አለበት። አቧራ ቢነካው ይጣበቅበታል፤ ጣት ቢነካው ይላጣል። ፊልም በታንክ ውስጥ አሽገን ሰዓት እያየን የምናጥብ እኛ፥ ይህን ስናነብ ሥራችን የልጅ ጨዋታ ይመስለናል።

ወይዘሮዋ ካሜራውን የት እንደሚያቆሙት እንኳ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ሥዕላቸው የአንድ ገበሬ ነበረ፤ እርጥቡን ፊት በእጃቸው ቢያብሱት ገበሬው ከመስተዋቱ ላይ ጠፋ። ሥዕል በወጣላቸው ቍጥር ውሃው እየተንጠባጠበ ለባላቸው ለማሳየት ወደ ምግብ ቤት ስለሚሮጡ፥ የገበታ ጨርቁ ሁሉ በማይለቅ የብር ናይትሬት ጠቈረ። ለማጽናትም የሚጠቀሙበት ፖታሲየም ሲያናይድ የተባለው ብርቱ መርዝ ነበርና፥ በእጃቸው ላይ እያፈሰሱት መሥራታቸውን ኸርሸል በሰሙ ጊዜ ተጨንቀው እንዲጠነቀቁ በደብዳቤ ለመኗቸው። በጥር 1864 አኒ ፊልፖት የተባለች ሕፃን ነሥተው ተሳካላቸው፤ በዚያው ቀን አጥበው፥ በወረቀት አትመው፥ በክፈፍ አድርገው ለአባቷ ሰጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር አከራካሪ ነው። መነጽሩን ሲያስተካክሉ ፊቱ ለዓይናቸው ባማረበት ቦታ ያቆሙታል እንጂ ጠርዙ እስኪጠራ ድረስ አያጠብቁትም ነበር። መጀመሪያ በአጋጣሚ የመጣውን ድብዝዝታ ሆን ብለው ያዙት። የሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር ሰዎች ግን ሥራው ጥራት የሌለው፥ የጣት አሻራና የፈሳሽ ጅረት የሞላበት ነው እያሉ ተሳለቁባቸው። እንደ እኛ አስተያየት ስለ ቈሻሻው ሰዎቹ አልዋሹም፤ አሻራውም የተላጠው ኮሎዲዮንም ዛሬ ይታያል። ጥፋቱን ሁሉ ጥበብ ነው የሚሉትን አንከተልም። ነገር ግን በ1867 የተነሣውን የኸርሸልን ሽማግሌ ፊት የተመለከተ፥ የጠራ ጠርዝ ናፈቀኝ የሚል ካለ እንጃለት።

ወይዘሮዋ ራሳቸው ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር። በ1869 የብዙ መስተዋቶቻቸው ልባስ እንደ ማር እንጀራ እየተሰነጣጠቀ ከ40 የሚበልጡ ምርጥ ሥራዎች ጠፉባቸው። ይህን ጊዜ ውበት ነው ብለው አልተከራከሩም፤ ያንኑ ይሳለቅባቸው የነበረውን ማኅበር ምክንያቱን ጠየቁ። አንዱ የማጽኛው ጨው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው አለ፤ ሌላው በቫርኒሹ፥ ሌላውም በባሕሩ እርጥበት አሳበበ።

ወደ ኋላ በአንድ ዓመት እንመለስ። በሐምሌ 1868 ካፒቴን ስፒዲ፥ በአገራችን ባሻ ፈለቀ የተባለው፥ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ዓለማየሁን ይዞ ወደ ዋይት ደሴት መጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያው ደሴት በኦስቦርን ቤት ነበሩ። ወይዘሮ ካሜሮን ልጁን ብቻውንም ከስፒዲም ጋር አነሡት። ስፒዲ የአበሻ ልብስ ለብሶ የተነሣባቸው ሥዕሎች ቴአትር ቴአትር ይሸቱናል፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን። ልጁ ብቻውን የተነሣበት ግን ሌላ ነው። አባቱ በሚያዝያ መቅደላ ላይ ሞቱ፥ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በግንቦት በመንገድ ላይ አረፉ፤ እርሱ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። የወይዘሮዋ ትልልቅ መስተዋቶች ደግሞ ብርሃኑን ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈልጉ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ፥ ቋንቋቸውን በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀመጠ።

በ1875 ካሜሮኖች ወደ ሴሎን፥ ወደ ዛሬዪቱ ስሪላንካ፥ ተሻገሩ። ወይዘሮዋ በዚያ ጥቂት ፎቶግራፎች አንሥተው በጥር 1879 ዐረፉ። ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ።