ጃክ ኪርቢ

ጃክ ኪርቢ (ነሐሴ 22 ቀን 1909 ዓ.ም. – ጥር 29 ቀን 1986 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1917 – ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994) አሜሪካዊ የኮሚክ መጽሔት ሠዓሊና ደራሲ ነበር። ካፒቴን አሜሪካን ከጆ ሳይመን ጋር፣ ፋንታስቲክ ፎርን፣ ሀልክን፣ ቶርን፣ ኤክስ-ሜንን እና ብላክ ፓንተርን ደግሞ ከስታን ሊና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ፈጥሯል። አብዛኛውን ዕድሜውን የሠራው በገጽ እየተከፈለው ሲሆን፣ ከፈጠራቸው ጀግኖች የታወቁት ሁሉ የአሳታሚዎቹ ንብረት ሆነው ቀርተዋል። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የድሆች ሰፈር ነው። የልደት ስሙ ጄኮብ ከርትዝበርግ ነበር። ወላጆቹ ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁድ ሲሆኑ፣ አባቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሰፈሩ የአንዱ ጎዳና ልጆች ከሌላው ጋር መደባደባቸው የተለመደ ስለነበር እሱም ከጠቡ አልቀረም። ኋላ በፋንታስቲክ ፎር ታሪክ ውስጥ የምትገኘው ያንሲ የተባለች ምናባዊ ጎዳና መነሻዋ በዚያው ሰፈር ያለው የዴላንሲ ጎዳና ነው።

ሥዕልን የተማረው በአብዛኛው ብቻውን፣ በጋዜጣ ላይ የሚወጡትን ተከታታይ የሥዕል ታሪኮች እያየና እየገለበጠ ነው። ፕራት በተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ቢገባም ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ ትቶት ወጣ። ከዚያም በፍላይሸር ስቱዲዮ ውስጥ ፖፓይ ለተባለው የካርቱን ፊልም በዋና ዋናዎቹ ሥዕሎች መካከል የሚገቡትን የእንቅስቃሴ ሥዕሎች ይሠራ ነበር። ሥራው እንደ አባቱ ፋብሪካ ስለሆነበት እዚያም አልቆየም። በተለያዩ የብዕር ስሞች ከሠራ በኋላ ጃክ ኪርቢ በሚለው ጸና።

ካፒቴን አሜሪካና ጦርነቱ

ከጆ ሳይመን ጋር የፈጠረው የካፒቴን አሜሪካ የመጀመሪያ እትም የወጣው በማርች 1941 ቀን ተጽፎበት ነው። በሽፋኑ ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ ይታያል። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ስለሆነ፣ ሽፋኑ ከመንግሥት ውሳኔ የቀደመ የፖለቲካ አቋም ነበር። መጽሔቱ በብዛት ቢሸጥም ሁለቱ ባልደረቦች ከትርፉ የሚገባቸውን ድርሻ አላገኘንም ብለው ስላመኑ ከ10ኛው እትም በኋላ ወደ ሌላ አሳታሚ ሄዱ። ኪርቢ በ1942 ሮዛሊንድ ጎልድስታይንን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ።

በ1943 ለውትድርና ተጠርቶ በነሐሴ 1944 ወደ ፈረንሳይ ኖርማንዲ ተሻገረ። አንድ መኮንን የኮሚክ ሠዓሊ መሆኑን ሲያውቅ ከፊት እየቀደመ የጠላትን ይዞታ አይቶ በሥዕልና በካርታ እንዲያመጣ መደበው፤ ይህም እጅግ አደገኛ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት እግሮቹ በብርድ ክፉኛ ስለተጎዱ ሊቆረጡ ምንም አልቀራቸውም። ለንደን ታክሞ ከዳነ በኋላ በ1945 ከሠራዊቱ በክብር ተሰናበተ።

ከጦርነቱ በኋላ የልዕለ ጀግኖች ታሪክ ገበያ ቀዘቀዘ። ኪርቢና ሳይመን በ1947 ያንግ ሮማንስ የተባለውን የመጀመሪያውን የፍቅር ታሪክ ኮሚክ አወጡ፤ ብዙ አሳታሚዎችም ተከተሏቸው። በ1954 ግን ኮሚክ ሕፃናትን ያበላሻል የሚለው ክርክር እስከ ሴኔቱ ደርሶ፣ አሳታሚዎች ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። ብዙ ድርጅቶች ተዘጉ፤ የሁለቱ ሽርክናም በዚያው ዘመን አከተመ።

በማርቭል

ከ1961 ጀምሮ ኪርቢና አዘጋጁ ስታን ሊ የኮሚክን መልክ ለወጡት። የፋንታስቲክ ፎር ጀግኖች እንደ ማንኛውም ቤተሰብ የሚጣሉ፣ የሚያኮርፉና የሚታረቁ ነበሩ። ሁለቱ አብረው 102 ተከታታይ እትሞችን ሠርተዋል። የአሠራሩ ዘዴ ለኋላው ውዝግብ ምክንያት ሆኗል፤ ሊ የታሪኩን አሳብ ባጭሩ ይነግራል፣ ወይም ሁለቱ ይነጋገሩበታል፤ ኪርቢ ትዕይንቱን ከፋፍሎ ገጽ በገጽ ይሥላል፤ ሊ በመጨረሻ ንግግሩን ይጽፋል። ስለዚህ ታሪኩን የፈጠረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሲልቨር ሰርፈር የተባለው ገጸ ባሕርይ ለምሳሌ ሊ ሳያዘው ኪርቢ ራሱ ሥሎ ያመጣው ነው።

በ1966 ብላክ ፓንተር ታየ። ዋካንዳ የምትባል፣ በሥልጣኔ የመጠቀች ምናባዊ የአፍሪካ አገር ንጉሥ ሲሆን፣ ከታላላቆቹ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ጀግና ነው። በተመሳሳይ ስም የሚታወቀው የፖለቲካ ፓርቲ የተመሠረተው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው።

የአሣሣል ስልቱ

በኪርቢ ሥዕል ቡጢ ከገጹ ወጥቶ ወደ አንባቢው የሚመጣ ይመስላል። ለዓይን የቀረበውን አካል ከመጠን በላይ እያገዘፈ፣ የራቀውን እያሳነሰ ይሥል ነበር። ኃይልንና ጠፈርን ለማሳየት የሚጠቀምባቸው የጥቁር ነጥቦች ክምችት በስሙ ይጠራል። ግዙፍ ማሽኖችንና ሁለት ገጽ የሚሞሉ ትዕይንቶችን ያዘወትር የነበረ ሲሆን፣ ከመጽሔት የተቆረጡ ፎቶግራፎችን ለጥፎም የጠፈር ምስሎችን ሠርቷል።

ከማርቭል ወጥቶ

በ1970 በክፍያና በእውቅና ቅር ተሰኝቶ ወደ ዲሲ ተዛወረ። እዚያም ኒው ጎድስን ጨምሮ እርስ በርስ የተያያዙ መጽሔቶችን ጀመረ፤ ዳርክሳይድ የተባለውን ጨካኝ ገዥ የፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ታሪኩ ሳይጠናቀቅ መጽሔቶቹ ተቋረጡ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ማርቭል ተመልሶ ኢተርናልስን ከሠራ በኋላ፣ ወደ ቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ሥራ ገባ። የጤና መድን ያገኘውና ሥራው በወጉ የተከበረለት በዚያ ነበር።

በ1980ዎቹ ማርቭል በእጁ የነበሩትን የሠዓሊዎች ዋና የሥዕል ገጾች መመለስ ሲጀምር፣ ኪርቢን ከሌሎቹ የበለጠ ረጅምና ጥብቅ የመብት መተዉያ ሰነድ እንዲፈርም ጠየቀው። እሱም እምቢ አለ። በልጅነታቸው ሥራዎቹን እያነበቡ ያደጉ ብዙ ሠዓሊዎችና ደራሲዎች አቤቱታ ፈርመው ደገፉት። በ1987 ከሣላቸው ከ10,000 በላይ ገጾች ውስጥ 2,000 ያህሉ ተመለሱለት።

ዕረፍቱና ትዝታው

በካሊፎርኒያ ታውዘንድ ኦክስ በሚገኘው ቤቱ በልብ ሕመም ሲያርፍ ዕድሜው 76 ነበር። በዚያው ዓመት ስለ ሥራዎቹ ብቻ የሚጽፍ ጃክ ኪርቢ ኮሌክተር የተባለ መጽሔት መታተም ጀመረ። አንባቢዎቹ በአብዛኛው በ1960ዎቹ መጽሔቱን በ12 ሳንቲም ይገዙ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ማርቭል የሠዓሊውን ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያትም ስለነበር፣ እነዚያ ልጆች ከጀግናው ጋር የሣለውንም ሰው በስም ያውቁት ነበር። ስለዚህ የልጅነት ናፍቆታቸው ከገጸ ባሕርያቱ አልፎ ለሠዓሊው የሚገባውን ወደ መጠየቅ ተሻገረ።

ወራሾቹ በ2009 የቅጂ መብቱ እንዲመለስላቸው ጠይቀው በሁለት ፍርድ ቤቶች ተረቱ። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ይይ ወይም አይይ እንደሆነ ሊወስን ቀናት ሲቀሩት ከማርቭል ጋር በስምምነት ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ የኪርቢ ስም በማርቭል መጽሔቶች ላይ ከስታን ሊ ስም ጎን በፈጣሪነት ይጻፋል።