ሊዮንሃርድ ኦይለር፦ ከኮኒግስበርግ ድልድዮች እስከ ሲሊከን ሴል

ሊዮንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ተወለደ። ቄስ የነበረው አባቱ ልጁ በነገረ መለኮት ትምህርት እንዲገፋ ቢመኝም፣ የወጣቱን ተሰጥኦ ያስተዋለው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ ሐሳቡን አስለወጠው። ኦይለር በ1727 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ተጓዘ፤ በ1733ም የሒሳብ መንበሩን ከዳንኤል በርኑሊ ተረከበ።

የኮኒግስበርግ ድልድዮች ጥያቄ የደረሰው በዚህ ወቅት ነው። የፕሬጌል ወንዝ ከተማዋን በአራት የየብስ ክፍሎች ይከፍላታል፤ ሰባት ድልድዮች ያገናኟቸዋል። እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገሩ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላልን? ኦይለር በ1735 ለአካዳሚው ባቀረበው ጽሑፍ መንገዶችን ሁሉ እየዘረዘሩ መሞከርን ትቶ፣ እያንዳንዱን የየብስ ክፍል የሚነኩትን ድልድዮች ቆጠረ። የድልድዮቻቸው ቁጥር ኢ-ተጋማሽ የሆነ ክፍሎች ከሁለት ከበለጡ ጉዞው አይቻልም፤ በኮኒግስበርግ ደግሞ አራቱም እንዲሁ ነበሩ። የደንቡን ሌላኛውን አቅጣጫ በተሟላ ማረጋገጫ ያሳየው የሒርሆልዘር ጽሑፍ የታተመው በ1873፣ እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ኦይለር መፍትሔውን ካገኘ በኋላ እንኳ ለዳንዚግ ከንቲባ በጻፈው ደብዳቤ ጉዳዩን ከሒሳብ ጋር እምብዛም ዝምድና የሌለው አድርጎ መመልከቱ ነው።

በሲሞስ ሴል ውስጥ የፒ እና የኤን ዓይነት ትራንዚስተሮች በሁለት ትይዩ ረድፎች ይደረደራሉ። ጎረቤታም ትራንዚስተሮች በጋራ ነጥብ የሚገናኙ ከሆነ የዲፊዩዥን ቦታቸውን ይጋራሉ፤ ካልሆነ በመካከላቸው ክፍተት መተው ግድ ነው፣ ሴሉም ይሰፋል። ኡኤሃራ እና ቫንክሊምፑት በ1981 ባሳተሙት ጥናት ትራንዚስተሩን እንደ ድልድይ፣ የግንኙነት ነጥቡን እንደ የብስ ወሰዱ። በሁለቱ ረድፎች ግራፎች ላይ አንድ ዓይነት የጌት ቅደም ተከተል ያለው የኦይለር መንገድ ከተገኘ፣ ኮምፒውተሩ ሴሉን ያለ አንዳች ክፍተት ይደረድረዋል። አስቸጋሪው ይህ የጋራነት ነው፤ እያንዳንዱ ግራፍ ለብቻው መንገድ ቢኖረውም ቅደም ተከተሎቹ ላይገጥሙ ይችላሉ። የኮኒግስበርግ መንገደኛ እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረበትም።

ኦይለር የቀኝ ዓይኑን ብርሃን ያጣው በ1738 አካባቢ ነበር። ከ1741 እስከ 1766 በበርሊን ሠርቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ ግራ ዓይኑም ጨለመበት፤ በ1771 ደግሞ ቤቱ በእሳት ጋየ። ይሁንና ስሌቱን በአእምሮው እየሠራ፣ በልጁና በረዳቶቹ እጅ እያስጻፈ፣ በ1772 ሰፊውን የጨረቃ ንድፈ ሐሳብ አሳተመ። በመስከረም 18 ቀን 1783፣ ስለ አዲሲቷ ፕላኔት ስለ ኡራኑስ ምሕዋር ከሌክሰል ጋር ሲወያይ ከዋለ በኋላ አረፈ።