የመዝገበ ቃላቱ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን

እንግሊዝኛ ለመማር የሚደክም ተማሪ ቃሉን በአንድ ወገን፣ ትርጕሙን በሌላ ወገን እየጻፈ አንድ ደብተር ሙሉ ሊያጠና ይችላል። በማግሥቱ ግን ካጠናቸው ቃላት በአንዱ ዐረፍተ ነገር ሥራ ቢሉት እጁ ይታሰራል። ይህ ችግር በዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ላይ ደርሷል። በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ እያንዳንዱን ቃል ከደራሲዎች በተለቀመ ዐረፍተ ነገር በሰፊው ያስረዳው የመጀመሪያው ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ስለሆነ፣ ታሪኩን ማወቅ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ይጠቅመዋል።

ጆንሰን በ1709 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ከመጽሐፍ ነጋዴ ተወለደ። በሕፃንነቱ አንገት የሚያቈስል በሽታ ይዞት ፊቱን ጠባሳ አደረገበት፤ የአንድ ዐይኑም ብርሃን ደከመ። ቢሆንም በአባቱ ሱቅ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ ነበር። በ1728 ኦክስፎርድ ገብቶ አንድ ዓመት ያህል እንደ ተማረ ገንዘብ አጥቶ ወጣ። በዚያ ሳለ ጫማው ተቀድዶ ያየ አንድ ሰው አዲስ ጫማ ከደጁ ቢያኖርለት በቍጣ ወርውሮ ጣለው ይባላል።

በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋሉ ቄስ ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ነበረ፤ ይህንንም የተረጐመው ከፈረንሳይኛ ነው። የከፈተው ትምህርት ቤት ተማሪ አጥቶ ስለ ተዘጋ በ1737 ወደ ሎንዶን ሄዶ ለመጽሔት እየጻፈ ይኖር ጀመር።

በ1746 የሎንዶን መጻሕፍት ነጋዴዎች በ1,500 ጊኒ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ ተዋዋሉት። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ተነሣ፤ ሥራው ግን እስከ 1755 ድረስ ዘለቀ።

የአሠራሩን ነገር ጥቂት ላስረዳ። ጎፍ ስኴር በሚባለው ሰፈር በተከራየው ቤት ሰገነት ላይ ስድስት ጸሐፊዎች ነበሩት። እርሱ የሼክስፒርን፣ የሚልተንን፣ የቤኮንንና የሌሎችንም መጻሕፍት እያነበበ ደኅና አገባብ ያለው ቃል ሲያገኝ ከሥሩ ያሰምርበትና በኅዳጉ የቃሉን መነሻ ፊደል ይጽፋል። ጸሐፊዎቹ ዐረፍተ ነገሩን ገልብጠው በፊደል ተራ ያስቀምጡታል። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል በደብተር ቦታ ለክቶ ነበር፤ ነገር ግን የተለቀሙት ዐረፍተ ነገሮች እርሱ ያላሰበውን ትርጕም እያመጡ ከተለካው ቦታ አልፈው ፈሰሱ። ከዚህም የተነሣ ብዙ የተደከመበትን ሥራ ጥሎ እንደ ገና መጀመር ግድ ሆነበት። ትርጕም ከዐረፍተ ነገር ይወጣል እንጂ ዐረፍተ ነገር በትርጕም ልክ አይቈረጥም።

ለምሳሌ ተማሪ ሁሉ «ቴክ» ማለት ወሰደ ነው ብሎ የሚያልፈውን ቃል ብንመለከት፣ ጆንሰን 134 አገባብ ቈጥሮለታል። ይህ እኛን ሊያስደንቀን አይገባም። እኛም እንጀራ በላ፣ የሰው ገንዘብ በላ፣ ብረቱን ዝገት በላው እንላለንና፤ መብላት ምግብ መዋጥ ነው ብሎ ብቻ ያጠና የውጭ አገር ሰው ከሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል።

በ1747 ባወጣው የሥራ ዕቅድ ቋንቋውን ከመለዋወጥ ለመጠበቅ ተስፋ አድርጎ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በመቅድሙ ላይ ቋንቋን ማንም ሊያቆመው እንደማይችል ገለጠ። በመካከሉም በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። ዕቅዱን ያቀረበለት ባለሥልጣን ሎርድ ቼስተርፊልድም በችግሩ ጊዜ ችላ ብሎት ቈይቶ፣ ሥራው ሊፈጸም ሲል በጋዜጣ ቢያመሰግነው፣ ጆንሰን ዘግይቶ የመጣውን ውለታ እንደማይፈልግ በደብዳቤ መለሰለት።

መጽሐፉ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሲወጣ 42,773 ቃላትና 114,000 ያህል ጥቅስ ነበረበት። ስሕተት አላጣም። የፈረስን እግር ከሰኮናው በላይ ያለውን ክፍል ጉልበት ነው ብሎ ጽፎ አንዲት ሴት ምክንያቱን ብትጠይቀው፣ ሰበብ ሳይፈልግ አለማወቁን መሰከረ። (በመሥሪያ ቤት እንዲህ የሚመልስ ሰው ስንት ጊዜ አጋጥሞናል?) ዋጋው 4 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ስለ ነበረ ለድኻ ተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። በ1756 በርካሽ ዋጋ አጭሩ መጽሐፍ ወጣ፤ ለማሳጠር ሲባል የቀረው ግን እርሱ ያን ያህል የደከመበት ዐረፍተ ነገር ነው። ብዙ ሰው የገዛውም ይህንኑ ነበረ።

በ1759 እናቱ ስትሞት የቀብሯን ወጪ ለመክፈል የኢትዮጵያውን ልዑል የራሴላስን ልብ ወለድ ታሪክ በጥቂት ቀን ጻፈ፤ ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ከ1762 ጀምሮ በዓመት 300 ፓውንድ ከመንግሥት ይሰጠው ስለ ነበር ከችግር ዐረፈ። ቢሆንም መዝገበ ቃላቱን አልተወውም፤ በ1773 ለወጣው ለአራተኛው ኅትመት ትርጕሞቹን አርሞ ብዙ አዲስ ጥቅስ ጨመረበት። ዲሴምበር 13 ቀን 1784 ሞቶ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።