ዣን ዳርክ፦ ድምፅ ትሰማ የነበረችው የገበሬ ልጅ

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሜዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው ዶምረሚ በተባለች የገጠር መንደር በ1412 ዓ.ም ገደማ ዣን ዳርክ ተወለደች። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ዣክ ዳርክ ገበሬ ነበር፤ እናቷ ኢዛቤል ትባላለች። ዣን ፊደል ባትቆጥርም ክር መፍተልና ልብስ መስፋት ከእናቷ ተምራለች።

ዘመኑ ክፉ ነበር። ፈረንሳይና እንግሊዝ የመቶ ዓመት ጦርነት በተባለው ፍልሚያ ውስጥ ነበሩ። በ1428 የመንደሯ ሰዎች ወራሪዎችን ሽሽት ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ኔፍሻቶ ከተማ ተሰደዱ።

ዣን ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው በ13 ዓመቷ ገደማ፣ በሞቃቱ ወራት፣ እኩለ ቀን ላይ በአባቷ ጓሮ ሳለች ነው። ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ከብርሃን ጋር እንደመጣና እጅግ እንደፈራች በኋላ ለዳኞቿ አስረድታለች። ውሎ አድሮ የቅዱስ ሚካኤል፣ የቅድስት ካትሪንና የቅድስት ማርጋሬት ድምፅ መሆኑን አመነች። መጀመሪያ መልካም ልጅ እንድትሆን ይመክራት ነበር፤ ቆይቶ ግን ንጉሡን እንድትረዳ አዘዛት። ለእናትና ለአባቷ ሳትነግር ምስጢሩን ለዓመታት በልቧ ይዛ ኖረች።

በግንቦት 1429 ኦርሌአን ከተማ ከከበባ ስትላቀቅ ዣን ከጦሩ ፊት ነበረች። በሐምሌ ወር ቻርልስ ሰባተኛ በሬምስ ዘውድ ሲጭን በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኘች። በ1430 ግን ተማርካ ለእንግሊዞች ተሸጠች።

በሩዋን ከተማ በጳጳሱ ፒየር ኮሾ የተመራው ችሎት ስለ ድምፁ ደጋግሞ ጠየቃት። ቅዱሳኑ በምን ቋንቋ ይናገራሉ? ፀጉር አላቸው ወይ? ዳኞቹ ድምፁ ከሰይጣን ነው ለማለት ቸኩለው ነበር። እሳቱን ፈርታ ለጥቂት ቀናት ቃሏን ብታጥፍም ተመልሳ በእምነቷ ጸናች። ግንቦት 30 ቀን 1431፣ ገና በ19 ዓመቷ ገደማ፣ በእሳት ተቃጠለች።

እናቷ ኢዛቤል ግን ዝም አላለችም፤ አቤቱታዋን ይዛ በ1455 ፓሪስ ድረስ ሄደች። በአዲሱ ምርመራ ከመቶ በላይ ምስክሮች ተሰሙ። የዶምረሚ ገበሬዎች ጎረቤታቸውን ያወቋት በሥራዋ፣ በጸሎቷና ለድሆች ባላት ርኅራኄ መሆኑን መሰከሩ። በ1456 የሞት ፍርዱ ተሻረ፤ በ1920 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት አለቻት።

ከዘመናት በኋላ አንዳንድ ሐኪሞች የሚጥል በሽታን ጨምሮ ልዩ ልዩ ሕመሞችን በምክንያትነት አቅርበዋል። ሆኖም በችሎት መዝገብ ብቻ ሕመምን መለየት አይቻልም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት የአእምሮ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በከባድ ሐዘን፣ በእንቅልፍ ማጣትና በትኩሳት ጊዜም ያጋጥማል። ጤነኛ ሰዎችም አልፎ አልፎ ይሰማሉ።

ስለዚህ ድምፅ የሚሰማ ሰው ከቤታችን ቢገኝ ከመፍረድ በፊት በእርጋታ መጠየቅ ይገባል፦ ድምፁ ምን ይለዋል? ያስፈራዋል ወይስ ያጽናናዋል? እንቅልፍና ሥራ ከነሣው፣ ወይም ራሱን አልያም ሌላውን እንዲጎዳ ካዘዘው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የሩዋን ዳኞች የድምፁን ባለቤት ሲያጣሩ ልጅቷን ዘነጉ፤ የዶምረሚ ገበሬዎች ግን ልጅቷን አልረሷትም።