ፈንጣጣን ከኩፍኝ የለዩት ሐኪም

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ዛሬ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው በረይ ከተማ ተወለዱ። የቁርኣን ተፍሲር ጸሐፊው ፈኽሩዲን አር-ራዚ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኖሩ ሌላ ሰው በመሆናቸው ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ሐኪሙ ራዚ በወጣትነታቸው ዑድ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል፤ ወደ ሕክምና የገቡትም ዘግይተው ነው። ከዚያ በኋላ ግን በመጀመሪያ የረይን፣ ቀጥሎም የባግዳድን ሆስፒታል በኃላፊነት መርተዋል።

ለባግዳድ ሆስፒታል ቦታ ሲመርጡ በከተማዪቱ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ጥሬ ሥጋ አሰቅለው፣ ሥጋው ዘግይቶ የሸተተበትን ሥፍራ መረጡ የሚለው ታሪክ በሰፊው ይተረካል። ይሁንና ታሪኩ የሚያያዝበት የዐዱዲ ሆስፒታል የተከፈተው እሳቸው ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በመሆኑ ትረካው በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ዝናቸውም በዚህ ላይ የቆመ አይደለም።

ታላቁ ሥራቸው ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ የጻፉት መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ትኩሳትና ሽፍታ ያለበትን ሕፃን የሚያይ ሐኪም ሁለቱን በሽታዎች በውል አይለይም ነበር። ራዚ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት ያለውን ጊዜ በትኩረት ተመለከቱ፤ የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ እንደሚበረታ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ደግሞ በኩፍኝ እንደሚብስ መዘገቡ። ፈንጣጣ ዓይን ያጠፋ ስለነበር የታማሚው ዓይን በጽጌረዳ ውሃ እንዲጠበቅ መከሩ። ለአስታማሚ የተጻፈ ምክር ነው ማለት ይቻላል። መጽሐፉ በላቲንና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እዚሁ ቤሩት በዐረብኛ ታትሟል።

የበሽታውን መንስኤ ግን አላገኙትም። የልጅ ደም እንደ ወይን ጭማቂ ሲፈላ ሽፍታው ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር። ቫይረስ የሚባለው ነገር የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በመሆኑ በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። ዛሬ ደክዋኔ ውስጥ ሕፃን የምታስታምም እህት ወይም የነርስነት ተማሪ የምታውቀውን፣ የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት በአየር ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል፣ እሳቸው ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ከሁለቱ በሽታዎች ፈንጣጣ በክትባት ጠፍቷል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ መርካ በሚገኝ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ዐሊ ማኦው ማዐሊን ነው፤ እርሱም ድኗል። ኩፍኝ ክትባት ባልተዳረሰበት ሁሉ ዛሬም ሕፃናትን ይገድላል።

በእምነት ነክ ጽሑፎቻቸው ብዙ ዑለሞች ራዚን ክፉኛ ነቅፈዋቸዋል፤ ይህም አብሮ ሊነገር የሚገባው ነው። ሕክምናቸውን ግን ተቺዎቻቸውም ተጠቅመውበታል። ሐኪም ማግኘት ለማይችል ድሃ ብለው፣ በቀላሉ በሚገኙ ነገሮች ራስን ማከም የሚያስችል መጽሐፍም ጽፈዋል።

በዕድሜያቸው ማምሻ የዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ በ313 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 925) በትውልድ ከተማቸው አረፉ። ሲያከማቿቸው የኖሩት ማስታወሻዎች ከሞታቸው በኋላ ተሰብስበው አል-ሓዊ የተባለው ግዙፍ መጽሐፍ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1279 ወደ ላቲን ተመለሰ።